ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው?

ስለ ፍሬን ሸራ መቀየር ከመኪና ሻጭ ድርጅቶች ጋር ስለሚነሣ ክርክር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የቨርጂኒያ ግዛት በዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ የመኪናችሁ የፍሬን ሸራ ከአንድ ኢንች 32 እጅ 2 እጅ በታች ሆኖ ካገኘው መኪናውን ይጥለዋል። በሚሊ ሜትር ሲሰላ 1.6 ይሆናል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፍ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን የሚያስገድደው ወረቀትም አለ። ጀርባውን ብታነቡት፣ በዋና ዋና ጉድለቶች ዝርዝር ውስጥ ከ32 እጅ 1 እጅ ያነሰ ሸራ ተጠቅሷል፤ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብዙ መካኒኮች 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይሩ ይላሉ። ዲለሩ ዘንድ ግን 5 ቀርቶትም፣ አንዳንዴ 6 ቀርቶትም፣ «ጊዜው ደርሷል፤ ዛሬ ብንቀይረው ይሻላል» ትባላላችሁ።

አራቱም ቁጥሮች በየቦታቸው ትክክል ናቸው። በ0.8 መኪናው ጉድለት አለበት ይባላል፤ በ1.6 የምርመራ ስቲከር ይከለከላል፤ በ3 ጠንቃቃ ሰው ይቀይራል፤ በ5 ደግሞ ይሸጣል። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ መካከል ስላለው ርቀት ነው። እኛ ከዲለር ጋር ስንጣላ ጠባችን ስለ ሐቀኝነት ይመስለናል። «ሌቦች ናቸው» ብለን እንወጣለን፤ እነሱም «ስለ መኪና አያውቅም» ብለው ይሸኙናል። ቁጥሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ሁለቱም ወገን ተቀያይሞ ይለያያል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።)

ከመሠረቱ ልጀምር። ሸራ የምንለው በብረት ሳህን ላይ የተለጠፈ ሰበቃን የሚችል ነገር ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ግፊቱን ወደ ካሊፐሩ ያደርሳል፤ ካሊፐሩም ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ በሁለት ሸራዎች መካከል ይጨብጠዋል። የመኪናው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሸራው ደግሞ በየመቆሚያው ጥቂት ጥቂት ይበላል። አዲስ የፊት ሸራ እንደ መኪናው ዓይነት ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የኋላው ብዙ ጊዜ ከዚህ ትንሽ ይሳሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያስወግደው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሸራውን የሚጨርሰው ግን ከሁሉ በላይ የመቆሚያው ብዛት ነው። ስለዚህ ከፍሬድሪክስበርግ በአይ 95 እየተመላለሰ የሚሠራ ሰውና ቀኑን ሙሉ ዲሲ ውስጥ መብራት በመብራት የሚነዳ የታክሲ ባለቤት ያው አንድ ዓይነት ካምሪ ቢኖራቸውም፣ የአንዱ ሸራ 70 ሺህ ማይል ሲያገለግል የሌላው 30 ሺህ ላያልፍ ይችላል። «ጎረቤቴ እኮ እስካሁን አልቀየረም» የሚለው ክርክር በጠረጴዛው ፊት ምንም የማይመዝነው ለዚህ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ በጭነት መኪና የወረደ ሰው ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው እያደረገ ይወርዳል እንጂ ፔዳሉ ላይ ቆሞ አይወርድም። አሜሪካ ስንመጣ መኪናው ሁሉ አውቶማቲክ ሆነና ያንን ልማድ ረሳነው። ፕሪየስ የምትነዱ በማርሹ ላይ ያለችው ቢ ለዚሁ ቁልቁለት የተሠራች ናት።

ፕሪየስን ካነሣሁ አይቀር፣ በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነት ስትቀንሱ አብዛኛውን ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ራሱ ባትሪ እየሞላ ይሠራዋል፤ ሸራው እምብዛም አይነካም። ከ100 ሺህ ማይል በላይ የሄደ የመጀመሪያ ሸራ ማየት በእነዚህ መኪኖች ብርቅ አይደለም። በ40 ሺህ ማይል «አልቋል» ከተባላችሁ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ሌላ ጣጣ ግን አለባቸው። ሥራ የፈታ ፍሬን እዚህ አገር በክረምት በሚረጨው ጨው ይዝጋል፤ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይይዛሉ። ሸራው ወፍራም ሆኖም ፍሬኑ የታመመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዲለሩ ጽዳትና ቅባት ሲላችሁ አትቆጡ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ዲለሩ ዘንድ የሚቀበላችሁ፣ ሰርቪስ አድቫይዘር የሚባለው ሰው፣ መኪናችሁን አልነካም። ሸራውን ያየው ከኋላ ያለው መካኒክ ነው። አድቫይዘሩ በብዙ ቦታ ከሸጠው ሥራ ኮሚሽን ያገኛል። መካኒኩ ደግሞ በብዙ ዲለሮች የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት ሳይሆን በሥራው ልክ ነው። ለአንድ ሥራ መጽሐፉ አንድ ሰዓት ተኩል ከመደበ፣ በአርባ ደቂቃ ቢጨርሰውም በሦስት ሰዓት ቢጨርሰውም የሚያገኘው የአንድ ሰዓት ተኩሉን ነው። መኪናውን አንሥቶ፣ ጎማ አውልቆ፣ ለክቶ «ደኅና ነው» ብሎ መመለስ ለእሱ በነጻ የመሥራት ያህል ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድትጠሉአቸው አይደለም። ከእነሱ መካከል ጨዋ ብዙ ነው፤ የእኛም ልጆች እዚያ ይሠራሉ። ግን አከፋፈሉ ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ በማንም ደመወዝ የማይለወጠው ነገር መለኪያው ያሳየው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት እሱን ነው።

ከአገልግሎት በኋላ የሚሰጣችሁ የምርመራ ወረቀት ሦስት ቀለም አለው። ቀዩ ብዙ አያጣላም። አረንጓዴውን ማንም አያነበውም። ጠቡ ያለው ቢጫው ላይ ነው። ቢጫ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚደነግግ ሕግ የለም፤ አንዱ ዲለር ከ5 እስከ 3 ቢጫ ይላል፤ ሌላው ከ6 ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ ሠረዝ ብቻ ተደርጎ ቁጥር ካልተጻፈ አልተለካም ብላችሁ ብትጠረጥሩ አልፈርድባችሁም።

ቁጥሩ ካለ ግን ስሌቱን እዚያው ቆማችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መኪናው 42 ሺህ ማይል ሄዷል እንበል። ሸራው ከፋብሪካው ጋር የመጣው ነው፤ አዲስ ሳለ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን 5 ነው። 6 ሚሊ ሜትር በ42 ሺህ ማይል ተበላ፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 7 ሺህ ማይል ደረሰው። 3 እስኪደርስ ገና 2 ሚሊ ሜትር አለው፤ ይህም 14 ሺህ ማይል ነው። ወደ ሥራና ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ለሚነዳ ሰው አንድ ዓመት ያህል ያስኬደዋል። ስለዚህ ለእሱ «ዛሬ» የሚባል ነገር የለም፤ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ እንደገና ይለካል። ሙሉ ቀን ኡበር ለሚነዳው ግን ያው 14 ሺህ ማይል ከአራት ወር ላያልፍ ይችላል። ለእሱ ዲለሩ በ5 ላይ ቀይር ማለቱ፣ ነጋዴነቱ ቢኖርበትም፣ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሸራ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚችልበት አካል ስለሚያንስ መጨረሻው ላይ አበላሉ ሊፈጥን እንደሚችልም አስቡ፤ ስሌቱ ግምት እንጂ መሐላ አይደለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሉኝታ ይይዘዋል። ቁጥር መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ማለት ይመስለዋል። አባቶችና እናቶች ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ይሄዳሉ፤ ልጁ ካሊፐር ምን እንደሆነ አያውቅ፣ በትልልቆች መካከል ተጨንቆ «እሺ በላቸው» ይላል። ልጆቻችንን ከዚህ ሸክም ብናወጣቸው መልካም ነው። የሚጠየቀው አጭር ነው፦ የአራቱም ጎማ ሸራ፣ የውስጡና የውጩ፣ በሚሊ ሜትር ይጻፍልኝ። ስምንት ቁጥር ነው። ሐቀኛ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም።

የውስጡና የውጩ ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ከሁሉ የበዛው አለመግባባት የሚወለደው እዚህ ነው። ባለመኪናው ቤቱ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ቀዳዳ ያያል፤ ሸራው ወፍራም ነው። ዲለሩ ሄዶ 2 ሚሊ ሜትር ቀርቷል ይባላል። «በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ እውነቱንም ነው። ግን ያየው የውጩን ነው። በውስጥ በኩል፣ ወደ መኪናው መሐል የዞረው ሸራ በቸርኬ ቀዳዳ አይታይም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ከያዙ ወይም ፒስተኑ ተመልሶ ካልገባ፣ አንዱ ሸራ ሳይበላ ሌላው ብረት ለብረት እስኪነካ ድረስ ያልቃል። ሁለቱም ተከራካሪዎች እውነት እየተናገሩ የሚጣሉበት ጊዜ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። ሸራ እየተበላ ማለቁ የባሕርይው ነው፤ አምራቹ በዋስትናው አይከፍልበትም። የተለመደው መሠረታዊ ዋስትና የሦስት ዓመት ወይም የ36 ሺህ ማይል ነው፤ የፍሬን ሸራ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ነው ወይም በአንዳንድ አምራቾች ዘንድ ለመጀመሪያው ዓመትና ለ12 ሺህ ማይል ብቻ ይሸፈናል። በእኩል አለመበላቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የውስጡ 2 የውጩ 8 ከሆነ የተበላሸው ካሊፐሩ ነው፤ ካሊፐር ደግሞ የሚበላ ዕቃ አይደለም፤ ዋስትናው ካላለቀ ሊሸፈን ይችላል። «ሸራዬ ቶሎ አለቀ» ብላችሁ ከሄዳችሁ ትሸነፋላችሁ። «የቀኝ የኋላው የውስጥ ሸራ ከውጩ በ6 ሚሊ ሜትር ይሳሳል፤ ምክንያቱን መርምራችሁ ጻፉልኝ» ካላችሁ ግን ንግግሩ ይለወጣል።

የዚህ ማስረጃ ራሱ አሮጌው ሸራ ነው። ያ ሸራ ቆሻሻ መጣያ ከገባ በኋላ የሚቀረው የአንዱ ቃል በሌላው ላይ ነው። የቨርጂኒያ የመኪና ጥገና ሕግ፣ ሥራውን ስታዝዙ ከጠየቃችሁ፣ የወለቀው ዕቃ እንዲመለስላችሁ ያዛል፤ በዋስትና ወደ አምራቹ የሚመለሰውና አሮጌው ተመላሽ ሆኖ የሚታሰብበት ዕቃ ብቻ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ካሊፐር ብዙ ጊዜ አሮጌው የሚመለስበት ዕቃ ስለሆነ ላይሰጣችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፎቶ አንሡት። ሸራና ዲስክ ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ሒሳብ የለባቸውም። ያው ሕግ፣ ሥራው ከ25 ዶላር በላይ ከሆነና ከጠየቃችሁ፣ አስቀድሞ የጽሑፍ ግምት እንዲሰጣችሁ ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃዳችሁም ሒሳቡ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ማለፍ አይችልም። ሜሪላንድ ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ መነሻዋ 50 ዶላር ነው። ሎስ አንጀለስ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ በ1971 በወጣ ሕግ የሚሠራ የመኪና ጥገና ቢሮ አላቸው፤ እነሱ ዘንድ የጽሑፍ ግምቱ ሳይጠየቅም ግዴታ ነው። የወለቀውን ሸራ ይዞ መዞር የሚያሳፍር ከመሰላችሁ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃል።

አምራቹ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜስ? በሕዝብ መዝገብ ያለ አንድ ጉዳይ ላንሣ። ከ2008 እስከ 2010 ሞዴል የሆኑ ሆንዳ አኮርዶችና የ2009 እና የ2010 አኩራ ቲኤስኤክሶች የኋላ ሸራቸው ከፊቱ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ባለቤቶቹ ዲለሩ ዘንድ ሲሄዱ «የተለመደ መበላት ነው፤ አነዳድዎ ነው» ይባሉ ነበር። ጉዳዩ በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጋራ ክስ ቀረበና በ2010 በስምምነት አለቀ፤ ኩባንያው ጥፋት አለብኝ ሳይል፣ ከኪሳቸው ለከፈሉ ባለቤቶች የወጪያቸውን ከፊል ለመመለስ ተስማማ። ካሳው ብዙ አልነበረም። ከዚያ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ለየብቻ ቆመው «አነዳድህ ነው» የተባሉት ሰዎች አነዳዳቸው አለመሆኑን ያወቁት ሌሎችም ያንኑ እንደሚሉ ሲሰሙ ብቻ መሆኑ ነው።

የኋላው ቀድሞ ማለቁ ብቻውን ግን ጉድለት ነው አትበሉ። ድሮ የፊቱ ፍሬን ከሥራው 70 በመቶ ያህሉን ይወስድ ስለነበር ፊቱ ቀድሞ ያልቃል ብለን አድገናል። ዛሬ ኤሌክትሮኒክሱ ቀላሉን ፍሬን ሆን ብሎ ወደ ኋላ ያካፍለዋል፤ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውና ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ፍጥነት የሚቀንሰውም እናንተ ሳታውቁ ይነካዋል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የኋላው ቢቀድም ያለ ነገር ነው። መለየት የሚቻለው እንዲህ ነው፦ በብሔራዊው የመንገድ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ አምራቾች ለዲለሮቻቸው የሚልኩት የቴክኒክ ማስታወቂያ ይወጣል። የመኪናችሁን ዓመትና ሞዴል አስገብታችሁ ስለ ፍሬን የተላከ ካለ ታያላችሁ፤ የማስታወቂያውን ቁጥር ይዛችሁ ስትቀርቡ አድቫይዘሩ አለቃውን ይጠራል። ዲለሩና አምራቹ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መሆናቸውንም አትርሱ። ዲለሩ እምቢ ሲል ለአምራቹ የደንበኞች መሥመር ደውሉ፤ ዋስትናው ጥቂት ካለፈም አምራቹ በበጎ ፈቃድ ከፊሉን የሚችልበት ልማድ አለ።

አንድ ማስፈራሪያ እንዳለም አውቃለሁ፤ «ፍሬኑን ሌላ ጋራዥ ካስቀየርክ ዋስትናህ ይፈርሳል» የሚል። ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራሉ የዋስትና ሕግ፣ ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ ይህን ይከለክላል። አምራቹ ዋስትና ለመከልከል ከፈለገ ብልሽቱን ያመጣው ያ የውጭ ሥራ ወይም ዕቃ መሆኑን እሱ ማሳየት አለበት። በ2018 የንግድ ኮሚሽኑ በዚህ ጉዳይ ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲልክ አንዱ የመኪና አምራቹ ሃዩንዳይ ነበር። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ ያለው ወገናችን ጋራዥ ሸራ ቢቀይርላችሁ የሞተር ዋስትናችሁ አይነካም። ግን ደረሰኝ ስጠኝ በሉት! እንጀራ አብረን ስለበላን በቃል የሚያልቅ ሥራ ለዲለሩ የመከራከሪያ በር ይከፍትለታል።

ስለ መንቀጥቀጥም ልናገር። ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ዲለሩ «ዲስኩ ጠሟል፤ ይቀየር» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ እንደ ቆርቆሮ ተጣሞ አይደለም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ በማይታይ መጠን ተለያይቶ ነው። ምክንያቱ አንዳንዴ ጎማ ሲገጠም ዳዶዎቹ በአየር ሽጉጥ ያለ ልክ ተጠብቀው ዲስኩ ጥቂት መወላገዱ ነው፤ በጥቂት ሺህ ማይል ውስጥ ውልግድናው በውፍረቱ ላይ ይቀረጻል። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በፊት ጎማ የቀየረላችሁ ማን እንደነበረ ደረሰኙን ፈልጉ። ያው ዲለር ከሆነ «መበላት ነው» ለማለት ይቸገራል። ዲስክ በራሱ ላይ ወይም በአምራቹ መመሪያ የተጻፈ ዝቅተኛ ውፍረት አለው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተልጦ ሊስተካከል ይችላል፤ በታች ከሆነ ይጣላል። እዚህም ቁጥር ነው የሚጠየቀው።

ስለ ጩኸት ብዙ አልልም። አዲስ ሸራ በጠዋት እርጥበት ቢጮኽ ጉዳት የለውም፤ ቀጭን የብረት ፉጨት ያለማቋረጥ ከሰማችሁ ግን ሸራው ሲያልቅ እንዲጮኽ የተሠራው ምላስ ዲስኩን እየነካ ነውና ቀጠሮ ያዙ። ይህን ፉጨት ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ለሁለት ወር የሸፈነ ሰው ዲስኩ ሲቦረቦር ዲለሩን የመውቀስ መብት የለውም። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ከመካከላችን ጠፍቶ አያውቅም።

ሁለተኛ አስተያየት የት ይገኛል? ቨርጂኒያ ውስጥ ርካሹ የግዛቱ ምርመራ ራሱ ነው። 20 ዶላር ነው፤ መርማሪው ቢያንስ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ አውልቆ ማየት አለበት። የሚያሳስበኝ ግን ዲለሩም ብዙ ጊዜ የምርመራ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው፤ የጣለው ራሱ፣ የሚጠግነውም ራሱ ይሆናል። ብትወድቁ የሚለጠፍላችሁ የውድቀት ስቲከር 15 ቀን ይሰጣችኋል፤ እዚያው የማስጠገን ግዴታ የለባችሁም። ሌላ ቦታ አስጠግናችሁ በቀኑ ውስጥ ስትመለሱ ድጋሚ ምርመራው 1 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ይህን ምርመራ የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲለውጥ ነው፤ ዲሲ የግል መኪኖችን የደኅንነት ምርመራ ከተወች ቆይታለች።

ላለመቀየር ስትወስኑ ዲለሩ «ደንበኛው አልፈለገም» ብሎ ያስፈርማችኋል። ይህ ወረቀት ነገ አደጋ ቢደርስ ወይም ዲስኩ ቢበላሽ በእናንተ ላይ ይወጣል። አትፍሩት፤ ግን ባዶውን አትፈርሙት። ከፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ «5 ሚሊ ሜትር እንደቀረው ተነግሮኛል፤ በ7 ሺህ ማይል ውስጥ አስለካለሁ» ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ቁጥሩ ይነበባል።

ያላዘዛችሁት ሥራ ተሠርቶ ቢጠብቃችሁስ? ጠብ ማንሣቱ መኪናችሁን አያስወጣም፤ ጋራዥ ክፍያ እስኪያገኝ መኪናውን የመያዝ መብት በሕግ አለው። ክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ ግን በተቃውሞ የከፈላችሁ መሆኑን ጻፉ፤ የምትከፍሉትም በክሬዲት ካርድ ይሁን። በ1974 የወጣው ፌዴራላዊ የክሬዲት ሒሳብ ፍትሐዊነት ሕግ፣ ከ50 ዶላር በላይ የሆነና በግዛታችሁ ወይም ከቤታችሁ በ100 ማይል ውስጥ የተፈጸመ ክፍያ ላይ፣ በነጋዴው ላይ ያላችሁን ክርክር በካርዱ ባንክ ላይም እንድታነሡ ይፈቅዳል። አስቀድማችሁ ከነጋዴው ጋር ለመስማማት መሞከራችሁን ማሳየት አለባችሁ፤ ለባንኩ ገና ያልከፈላችሁት ቀሪ ሒሳብ ላይ ብቻ እንደሚሠራም እወቁ። በጥሬ ገንዘብ ለከፈለ ሰው ይህ በር ዝግ ነው።

ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ በሁለተኛው ሳምንት ፍሬኑ ሲፋጭ የምታገኙትን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የተናገርኩትን የመስኮት ወረቀት ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ውስጥ «እንዳለ» ተብሎ ያለ ዋስትና መሸጥ ይቻላል፤ ሜሪላንድ በጣም ትገድበዋለች፤ ዲሲ ትከለክለዋለች። ቨርጂኒያ ግን ዲለሩ መኪናውን ለተራ ገዢ ከመሸጡ በፊት እንዲያስመረምር ታስገድዳለች። ታዲያ ምርመራ ያለፈ ማለት ሸራው 1.6 ወይም ከዚያ በላይ ነበር ማለት ብቻ ነው፤ 1.7ም አልፏል! ከመፈረማችሁ በፊት ያንን ስምንት ቁጥር ጠይቁ፤ ያን ጊዜ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆናችኋል፤ ከፈረማችሁ በኋላ ቅሬታ ብቻ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው በየግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ነው። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ ያለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች ስለሚያስገድድ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ትንንሽ ክሶችን የሚያይ ፍርድ ቤት አለ፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እስከ 5 ሺህ ዶላር፣ በዲሲ እስከ 10 ሺህ ዶላር። በቨርጂኒያ በዚህ ችሎት ጠበቃ አይቆምም፤ ሆኖም ተከሳሹ ጉዳዩ ጠበቃ ወደሚቆምበት ወደ መደበኛው ችሎት እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። ዳኛው መካኒክ አይደለም። የጽሑፍ ግምቱን፣ ደረሰኙን፣ የሌላ ጋራዥ ልኬትና አሮጌውን ሸራ አስቀምጡለት፤ ስለ ሰውየው ጠባይ አትናገሩ።

የመጨረሻው ነጥብ ጥቃቅን ይመስላል፤ ግን ክስ የሚወድቅበት ነው። በሕንጻው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመኪናው ስም ተከሳሻችሁ አይደለም። ዲለሩ በሌላ ስም የተመዘገበ ኩባንያ ነው፤ ሕጋዊ ስሙ ብዙ ጊዜ በደረሰኙ ግርጌ በደቃቁ አለ። ያንን ስም በቨርጂኒያ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን መዝገብ ፈልጉት፤ መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል ስምና አድራሻም እዚያው ይገኛል፤ በክሱ ቅጽ ላይ ሁለቱንም እንዳሉ ገልብጡ።